ባዶ አይመጣም

ከሌሊቱ አስር ሰዓት። የፔኒሽ ዓሣ ጨረታ።
በረዶ በአካፋ ሲዛቅ፣ የቦቲ ጫማ ኳኳታ፣
ሰርዲን በየሣጥኑ፣ ስለት እንደ ወጣው ቢላ፤
ሻጩ በሩ ሥር ቆሞ፣ ገዢው ከመስታወት ኋላ።

አንደኛው ሣጥን አለፈ፤ ሁለተኛውም ተሸጠ፤
ሦስተኛው ሚዛን ሲነካ ሰሌዳው ደርቆ ፈጠጠ፤
ዋጋው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሐል ላይ ቆሞ፣
ሰማያዊ ሆነ ገጹ፤ በነጭ ፊደል ታትሞ
አንድ ይቅርታ፣ አንድ ቁጥር።
ዓሣ ግን አይታገሥም፤ በይቅርታ አያድር።

«አበደ ይሄ ማሽን!» አለ አንዱ እጁን አራግፎ፤
«ትናንትም ወድቆ ነበር፣ ሌላ ሦስት ሣጥን አልፎ።»
ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት፤ ሦስቴ ተነሥቶ ወደቀ፤
በረዶው ሲሚንቶው ላይ እስከ ቦዩ ፈሶ ዘለቀ።

ዶና ኦዴት ብቻ ዝም አለች። ሠላሳ ዓመት የጠራች፣
ከመጋዘን፣ ከአቧራ፣ ጥቁር ሰሌዳ አወጣች፤
ድምጿን ለማሽን አስረክባ ጡረታ የጠበቀች፣
ጠመኔ ቆርሳ፣ ጉሮሮ ጠርጋ፣ እንደገና ጀመረች።
ወጣት ገዢዎች ሳቁ መጀመሪያ፤ ኋላ ጣት ማንሣት ለመዱ፤
ጣት በጣት ሣጥኑ ሄደ፤ ዋጋና ዓሣ ተዛመዱ።

እኔ በጉልበቴ ሄጄ፣ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ፣
ሲሞት ጥሎ ያለፈውን የኑዛዜ ፋይል ከፍቼ
መስመር በመስመር አነበብኩ።
ሟች ገዳዩን ያውቃል፤
ስሙን ጽፎ ነው የሚወድቅ፤ ለሚያነብለት ይበቃል።

የተጻፈው ስም የቤት ልጅ፣ የከርነሉ ወገን አይደለም፤
የሚዛኑ ነጂ ነው፤ እንግዳ፤ ከእርሱ በቀር ማንም የለም።
ነጂ ይሉታል እንጂ አይነዳም፤ አስተርጓሚነት ነው ሥራው፤
ብረት በብረትኛ ሲያወራ ለከርነሉ የሚያስረዳው።
ሌላ ፕሮግራም ደጅ ያድራል፤ ቢያብድ ብቻውን ይሞታል፤
ነጂ ግን ጓዳ ይገባል፤ ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል።
ማኅተም አይተን አስገባነው፣ ዋስ አለው ብለን አመንን፤
ማኅተም ማንነት ይነግራል፤ መቼ ነገረ ጠባይን?
እንግዳው ሲንገዳገድ ምሰሶው አብሮት ይወድቃል፤
ጎረቤት ግን ፍርስራሽ አይቶ በባለቤቱ ይስቃል።

ጥፋቱ አንዲት እርምጃ ናት፦ ዜሮ ቁጥር ቤት አንኳኳ፤
በዚያ ቁጥር ቤት ተሠርቶ አያውቅም ለካ።

ሚዛን ሠሪው ተዘግቷል አሉኝ፣ አቬይሮ፣ ጨው ኩሬው ዳር፤
በመመሪያው ጀርባ ግን አንድ ስልክ በእርሳስ ተጽፎ ነበር።
ደወልኩ። «ማን ነው?» «ኢዳሊና፣ ከፔኒሽ፣ ከጨረታው ቤት።»
አሳለው። «ዠርቫዚዮ ነኝ»፣ አለ፤ «ያንን ነጂ የጻፍኩት።»
መብራት ሲያበራ ሰማሁት፣ መሳቢያ ስቦ ሲፈልግ፣
አሮጌ ዲስክ ሲያጉረመርም፣ መነጽሩን ሲያደርግ።
ከዚያ አነበበልኝ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ርቀት፣
መስመር ሁለት መቶ ስድስትን፣ ያኔ ማስታወሻ የጻፈባት፦
«ሚዛኑ ሁሌ ይመልሳል። እዚህ ባዶ አይመጣም።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።
«ያኔ ኮምፒዩተሩ ያነክሳል፤ ሚዛኑ ይቀድመዋል፤
ዛሬ ጥያቄው ሲደርስ ሚዛኑ ገና ያዛጋል።»
ሰበብ ይደረድራል ብዬ ጠበቅሁ፤
«ሣጥኑ የማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት የጀልባዋን ስም።
«በረዶ ጨምሩበት»፣ አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ማኅተሙ ጊዜው አልፎበታል፤ ቢያርመውም በር አይከፈትለት፤
እኔም ነጂውን ከጓዳ አውጥቼ፣ ደጅ መደብ ለቀቅሁለት።
ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ደጅ ሆኖ ሚዛን የሚጠይቅ፣
ባዶ ሲሰጡት «ቆይ» ብሎ፣ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ፤
ከመስመሩ በላይም ለሚመጣው ሰው፦ «ባዶ ይመጣል።»

ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳው ነቃ፤ ዋጋው ቁልቁል ይቆጥራል።
ኦዴት ጠመኔውን አልመለሰችውም።
ኪሷ ውስጥ ነው።